እጅ ሲያደምጥ፦ ስለ ማሸትና ስለ ርኅራኄ ንክኪ ጥያቄና መልስ

በፊዚዮቴራፒ ሙያ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እጄን አስቀድመው የገሩት ግን በሰፈራችን ወጌሻ የነበሩት አያቴ ናቸው። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ የማሳጅ ባለሙያዎች «የታመመውን ቦታ እጄ ራሱ ያገኘዋል» ይላሉ። ይህ እውቀት ነው ወይስ እምነት?

መልስ፦ አያቴም እንዲሁ ይሉ ነበር። ሲያሹ በጥሞና ስመለከታቸው ግን እጃቸው ከመንቀሳቀሱ በፊት ረጅም ጊዜ ያርፍ ነበር፤ የታማሚው ትንፋሽ ሲያጥር፣ ትከሻው ሲሸሽ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ጡንቻ ሲከር መዳፋቸው ይለየው ነበር። ስለዚህ በውስጣዊ ስሜት ማሸት የምንለው በብዙ ሰው ገላ ላይ የተገራ ትኩረት ነው እንጂ ስውር ኃይል ነው ብዬ አላምንም። ረጋ ያለ ዳበሳ የሚያሳርፍበትም ምክንያት አለው። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ውስጥ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚጓዝና የሰው ገላ ሙቀት ባለው ለስላሳ ንክኪ ከሁሉ ይልቅ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ እናት ልጇን ስትዳብስ ማንም ሳይነግራት እጇ የሚሄደው በዚሁ ፍጥነት ነው። ንክኪ ሕመምን ሊያስታግስ፣ ፍርሃትን ሊያበርድ ይችላል፤ ካንሰርን አድናለሁ የሚልዎትን ግን አይስሙት፣ ከሐኪም ያዘገይዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴ በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው ከደከመ አምስት ወር ሆነ። ሙያ ስለሌለኝ፣ ባሻቸው እጎዳቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ጥንቃቄ ነውና አይጣሉት፤ እጅዎን ግን አይንፈጓቸው። ከመንካትዎ በፊት በሚያዩዎት በኩል ቆመው «እማዬ፣ ክንድዎን ልይዝ ነው» ይበሏቸው። የደከመውን ክንድ በፍጹም አይጎትቱ፣ በብብታቸው ይዘውም አያንሷቸው፤ ጡንቻው ስለላላ የክንዱ አጥንት ከትከሻው መገጣጠሚያ ሊወርድ ይችላል። አንዱን መዳፍ ከክርናቸው፣ ሌላውን ከእጅ አንጓቸው ሥር አድርገው ክብደቱን ሁሉ ይሸከሙት፤ ከዚያም አስደግፈው ከትከሻ ወደ ጣት በዝግታ ይዳብሱ። የተጨበጡትን ጣቶች በኃይል አይፈልቅቁ፤ አውራ ጣታቸውን ከሥሩ ደግፈው ይጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ መዳፉ በራሱ ይላላል። በወገባቸው፣ በዳሌያቸው ወይም በተረከዛቸው ላይ የቀላ ቆዳ ካዩ አይሹት። የአልጋ ቁስል ጅማሮ ሊሆን ስለሚችል ማሸት ያባብሰዋል፤ ጎናቸውን ይለውጡላቸው፣ ለነርስም ያሳዩ።

ብዙ ቤተሰብ የታመመውን ሰው የሚነካው ሊያጎርሰው፣ ሊያጥበው ወይም መድኃኒት ሊሰጠው ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሊሠሩባቸው ሳይሆን እንዲሁ ይያዟቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ባቴ አብጦ ይሞቃል፣ ሲነካም ያመኛል። ባሳሸው ይሻለኛል?

መልስ፦ አያሳሹት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ። የረጋ ደም ከሆነ በመታሸት ተላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጊዜዋ ሳይደርስ በ1.6 ኪሎ ተወለደች። ዘመዶቼ ገላዋ በቅቤ ይታሽ ይላሉ።

መልስ፦ ለእሷ የሚበጀው ንክኪ ሌላ ነው። ያልጠና ቆዳ በማሸት ይጎዳል፣ በቅቤም ተሕዋስያን ሊገቡበት ይችላሉ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለውን ይጠይቁ፦ ልጅቷ በሽንት ጨርቅና በኮፍያ ብቻ ሆና በእርስዎ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ትታሰራለች። ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናትም በዚህ ዘዴ ቶሎ የታቀፉት ሕፃናት በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል፤ ሲደክምዎት አባቷ ደረቱን ይስጣት።

ጥያቄ፦ እግሬ ወለም ሲለኝ ወጌሻ ዘንድ መሄዴ ስህተት ነው?

መልስ፦ ወጌሻን የማከብር የወጌሻ ልጅ ልጅ ነኝ፤ ነገር ግን ማንም እጅ አጥንት ውስጥ ያለውን ስንጥቅ አያይም። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አጥንቱ ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ አስቀድመው ራጅ ይነሡ። በሸንበቆ ጠብቆ የታሰረ እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይፈታ፣ ሆስፒታልም ይድረስ፤ በዚህ የተነሣ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ እናቴ ካረፉ ወዲህ ዝም ብለዋል። መነካት አይወዱም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያስገድዷቸው፤ ያልተፈቀደ እጅ ይጫናል እንጂ አያሳርፍም። ማታ ማታ ግን እግራቸውን ልጠብ ብለው ይጠይቋቸው። ይህን አባቶቻችን ከልጅ ሲቀበሉት የኖሩት ነገር ስለሆነ ማሸት ነው ብለው አይሸሹትም። ተረከዛቸውን በመዳፍዎ ይዘው ይቆዩ፣ በጣቶቻቸው መካከል ቁስል እንዳለ ይመልከቱ፣ አይቸኩሉ። ስኳር ካለባቸው እግራቸው ሙቀት ላይለይ ይችላልና ውኃውን አስቀድመው በክርንዎ ይፈትኑት።