ማኅተም ይመታል ወይስ ይታተማል?

ጥያቄ፦ ስለ ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦን ካዋራ ስጽፍ ፖስታ ካርዶቹን «በጎማ ማኅተም አተማቸው» ብዬ ነበር። አርታኢዬ «ቲተር መታባቸው» ብሎ አረመው። የማን ይጽና?

መልስ፦ በስሙ እርስዎ፣ በግሡ አርታኢዎ ልክ ናችሁ።

ካዋራ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1979 በየቀኑ ሁለት ካርድ ለሁለት ሰዎች ይልክ ነበር። ቀኑ፣ የላኪና የተቀባይ ስምና አድራሻ፣ «ተነሣሁ» የሚለው ቃል ከነሰዓቱና ከነደቂቃው በጎማ ይመታል። የመዝገብ ቤት ሥራ ይመስላል፤ ጥበቡም እዚያው ላይ ነው።

ቲተር የሹሙን ስምና የሥራ ድርሻ ይዞ ከፊርማ አጠገብ የሚያርፈው ጎማ ነው። «ተነሣሁ» ሹመት አይደለምና ቲተር አይባልም። ማኅተም የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ክብ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበላቸውም። የሥሩ ወንድም፣ የዐረብኛው ኻተም፣ የጣት ቀለበትንም ይሰይማል፤ ቀለበት ደግሞ የግለሰብ ነው።

ግሡ ይበልጥ ያሳስበኛል። ግእዙ ኀተመ ነው፤ ኀለፈ አለፈ፣ ኀደረ አደረ እንደ ሆነ ሁሉ አተመ ሆነ። የጥንት ፍቺው መዝጋት ነው፤ ኅቱም ማለት የተዘጋ፣ ያልተነካ። ትንቢተ ዳንኤል ላይ «መጽሐፉን አትም» ሲባል ማንም እንዳያነበው ዝጋው ማለት ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ «አትም» የሚለውን ሲጫኑ መጽሐፉ ለሁሉ ይባዛል። አንድ ቃል ከመዝጋት ወደ መበተን ተሻገረ!

ምርጫው የእኔ ቢሆን ማኅተም ይታተማል እንጂ አይመታም ባልኩ፤ ስምና ግሥ ከአንድ ሥር ሲወጡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ «ካርዶቹን አተማቸው» ሲባል የሚታየው ማተሚያ ቤት ነው፦ አንድ ቅጂ፣ ሺህ ካርድ፣ በአንድ ቀን ያለቀ። የካዋራ ግን ተቃራኒው ነው። ጎማው አንድ ቢሆንም ሰዓቱ ከቀን ቀን ይለወጣል፤ እጅ በየቀኑ ካልመታው ካርዱ የለም። ስለዚህ እየከበደኝም ቢሆን «መታ» ይሁን እላለሁ።

በኅ ይጻፉት። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ማህተም» ማለቱን አውቃለሁ፤ ሥሩ የሚታየው ግን በኅ ነው። እንግዲህ፦ «ካዋራ በየቀኑ ካርዶቹ ላይ የጎማ ማኅተም መታባቸው።»