መኪና ውኃ ውስጥ ሲገባ፦ በሩን ሳይሆን መስታወቱን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እህታችን። ልጆችዎን ይዘው ከባሕር ዳር ወደ ወረታ እንደሚመላለሱ ገልጸው፣ በክረምት መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ቢገባ በሩን ለመክፈት መታገል ይሻል እንደሆነ ወይስ ሰዎች እንደነገሩዎት ውኃው እስኪሞላ መጠበቅ እንደሚገባ፣ መስታወት መስበሪያ መግዛትም ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሴ ከሁለቱ አንዱም አይደለም የሚል ነው። መኪናው ገና እየተንሳፈፈ ሳለ ቀበቶ ፈትቶ፣ መስታወት አውርዶ፣ በመስኮት መውጣት ነው። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ እህቴንና የስድስት ዓመት ልጇን ይዤ ሐሙሲትን አልፌ ወደ ወረታ እየነዳሁ ነበር። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር የፎገራ ሜዳ ከነሩዝ ማሳው በውኃ ተሸፍኗል፤ ቀኑም መሽቷል። ከፊት ለሚመጣ የጭነት መኪና መንገድ ስለቅ የቀኝ ጎማዎቼ የራሰውን የመንገድ ዳር ረገጡና መኪናዋ ተንሸራታ ከመንገዱ ሥር ውኃ ወደሞላ ጉድጓድ ገባች። ወዲያው አልሰጠመችም፤ እንደ ታንኳ እየተወዛወዘች አፍንጫዋን ቀስ በቀስ ወደ ታች ደፋች። እህቴ በሩን በትከሻዋ ደጋግማ ገፋች፣ አልተከፈተም። እኔ ደግሞ ወረታ ለሚኖረው ወንድማችን ልደውል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ስልኩ ገና ሳይጠራ ውኃው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ያቺን ጊዜ በስልክ ማባከኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያዳነን መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ መሆኗ ነው፤ መስታወቷ በእጅ እየተዞረ የሚወርድ ነበር። በእህቴ በኩል ውኃው መስታወቱን አልፎ ስለነበር በእኔ በኩል ያለውን አወረድኩ። ልጁን ከኋላ ወንበር ስቤ መጀመሪያ እሱን አወጣሁትና ጣሪያው ላይ እንዲተኛ ነገርኩት። ቀጥዬ እኔ ወጥቼ እህቴን በክንዷ ጎተትኳት። ጩኸታችንን የሰሙ የአካባቢው ገበሬዎች ጋቢዎቻቸውን አያይዘው ወረወሩልንና ወደ መንገዱ ሳቡን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በሩ ለምን እምቢ እንዳለ በኋላ ነው የገባኝ። ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ በር ላይ ውኃው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሲይዝ ወደ 180 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ከውጭ ይጫነዋል፤ ይህን ማንም በትከሻው አይገፋም። ገና ከመጀመሪያው ሰከንድ ቢከፈት እንኳ ውኃው በአንድ ጊዜ ስለሚገባ መኪናው ወዲያው ይሰጥማል፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆችም ቀድመው ይሰጥማሉ። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጎርደን ጊዝብሬክት መኪናዎችን ከነሰዎቻቸው ውኃ ውስጥ እየከተቱ ደጋግመው የሞከሩ ሲሆን፣ በቀላሉ ለመውጣት ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ እንደሆነ ያስተምራሉ። ቅደም ተከተላቸውም ቀበቶ፣ መስታወት፣ ልጆች፣ ከዚያ ራስ ነው፤ ከልጆችም ራሱን መቻል የሚችለው ትልቁ ይቀድማል፣ ትንሹን ይዘው ይወጣሉ።

«ውኃው እስኪሞላ ጠብቁ» የሚለው ምክር ከፊል እውነት ስላለው ይበልጥ አደገኛ ነው። በውስጥና በውጭ ያለው ግፊት ሲመጣጠን በሩ መከፈቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ያ የሚሆነው ውስጡ ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከፊት ስለሚከብድ መኪናው በአፍንጫው ተተክሏል፣ ጭንቅላትዎ ውኃ ውስጥ ነው፣ የክረምት ደለል ባጠቆረው ውኃ ውስጥም የራስዎን እጅ እንኳ አያዩም። ትንሽ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ይህን ይጠብቃል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ የሚሞከር ነው።

የእርስዎ መኪና መስታወት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ውኃ ሲነካ ወዲያው ይበላሻል የሚባለው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ችግሩ ውኃው መስታወቱ ላይ ሲደርስ ከፍሬሙ ጋር ስለሚያጣብቀው ማውረድ መቸገሩ ነው። ስለዚህ ጎማው መሬት እንደለቀቀ ከተሰማዎት ምንም ሳያስቡ ማውረጃውን ይጫኑ።

ከመንገድ መውጣት ብቻ ሳይሆን አስፋልቱን የሚያቋርጥ ጎርፍም አለ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፣ 60 ሲደርስ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። ከፊትዎ ያለው አውቶቡስ ስላለፈ እርስዎም ያልፋሉ ማለት አይደለም።

መስበሪያውን ይግዙ፤ ነገር ግን አስቀድመው የመኪናዎን የጎን መስታወት ጥግ ይመልከቱ። «ቴምፐርድ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ካለ ሲመታ እንደ ጨው ይበተናል፤ «ላሚኔትድ» ካለ ግን በመሃሉ ላስቲክ መሰል ሽፋን ስላለው አይበተንም፣ የፊት መስታወትም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት መስበሪያዎችን ሲፈትን አራቱ ቴምፐርዱን ሰብረዋል፣ ላሚኔትዱን ግን አንዱም አልሰበረም። በስፕሪንግ የሚሠራውን ትንሹን ዓይነት እመክራለሁ፤ መዶሻ ውኃ ውስጥ መወንጨፍ አይቻልም። ሲሰብሩ መሃሉን ሳይሆን ጥጉን ይምቱ። መስበሪያውን በመኪናው ኪስ ወይም ዳሽቦርዱ ውስጥ አያስቀምጡት፤ መኪናው ሲያዘነብል ዕቃው ሁሉ ይበታተናል። እኔ የራሴን ከመስታወት ማውረጃው አጠገብ በገመድ አስሬዋለሁ፣ ልጆቼም ዓይናቸውን ጨፍነው ያገኙታል።