ማስታወቂያውን ማን ይሸከመው? የድሬ ልጆች ጠይቀው የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስልክና ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ በፊት አንዲት ትንሽ ድረገጽም ነበረችኝ። ባለፈው ሳምንት «ለደንበኞቼ ሁሉ አድብሎከር (የድረገጽ ማስታወቂያ ማገጃ) እጭናለሁ» ብዬ አፌ ቢያመልጠኝ ግማሹ አመሰገነኝ፣ ግማሹ የሌባ ተባባሪ አለኝ። እንግዲያው ጠይቁ ብያለሁ። ሙቀቱ እስኪበርድ ሱቄ ውስጥ ነኝ፣ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ጸሐፊው ለፍቶ ይጽፋል፣ ማስታወቂያው የልፋቱ ዋጋ ነው። ጽሑፉን አንብበህ ማስታወቂያውን ስትዘጋ ምሳውን በልቶ ሳይከፍል ሹልክ ካለ ሰው በምን ትለያለህ?

መልስ፦ ምሳ ቤት ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሳልቀመጥ አየዋለሁ፤ ከከበደኝ እወጣለሁ። ድረገጽ ስከፍት ግን «ስማቸውን ሰምተህ የማታውቃቸው ድርጅቶች የት ሰፈር እንዳለህ፣ ምን ስልክ እንደያዝክ፣ ትናንት ምን ስትፈልግ እንደነበር ይመዘግባሉ፣ ዋጋው ይሄ ነው» ብሎ የነገረኝ የለም። ያልተነገረኝን ዋጋ ባለመክፈሌ ሌባ አልባልም። ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስተህ ቡናውን ብታማስል ማን ይከስሃል? እሱ ማስታወቂያ ደግሞ ጓዳ ድረስ ተከትሎህ አይገባም።

ያም ሆኖ ንጹሕ ነኝ አልልም። የአንድን ሰው ጽሑፍ በየቀኑ እያነበብኩ፣ እየተጠቀምኩበት፣ በየትኛውም በኩል ምንም ሳይደርሰው ዓመት ካለፈ አንድ ነገር አለብኝ። ሌብነት ብዬ አልጠራውም፤ ዕዳ ብትሉኝ እቀበላለሁ። ዕዳው ግን ለጸሐፊው ነው እንጂ ለሚሰልለኝ ደላላ አይደለም።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ደላላ ያልከው ማንን ነው? ብሩ እንዴት ነው የሚሄደው?

መልስ፦ የአወዳይን የጫት ንግድ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል። ከገበሬው ማሳ እስከ ቃሚው ስንት እጅ አለ? እዚህም ያው ነው። ገጹ እየተከፈተ፣ ዓይንህ ርዕሱን ሳይጨርስ፣ ጨረታ ይካሄዳል፦ «ድሬዳዋ ያለ፣ አንድሮይድ የያዘ፣ ትናንት ጫማ የፈለገ ሰው መጥቷል፤ ማን ስንት ይላል?» ይህ ሁሉ ዓይን እስክትጨፍን ያልቃል። ያሸነፈው ሥዕሉን ይለጥፋል፤ ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በሺህ ዕይታ ነው። ከአስተዋዋቂው የወጣው ገንዘብ ጸሐፊው ጋ እስኪደርስ እያንዳንዱ መካከለኛ ይቆነጥራል።

የራሴን ላውራ። ስለ ባቡሩ ሰዓት፣ ስለ ሐረር ሚኒባስ፣ ስለ ሰፈር ኳስ ነበር የምጽፈው። አሪፍ በሚባል ወር ከማስታወቂያ 9 ዶላር አካባቢ ይገባል። ገንዘቡን ለማውጣት ደግሞ 100 ዶላር መሙላት ነበረበት። የሰርቨሩ ኪራይ ግን 100 እስኪሞላ አይጠብቅም። 64 ላይ ስደርስ የማስታወቂያ አካውንቴ ተዘጋ፤ ምክንያት «ልክ ያልሆነ ክሊክ»። ለካ የአክስቴ ልጆች ሊጠቅሙኝ ብለው ማታ ማታ ተሰብስበው ማስታወቂያዬን ሲነካኩ ኖረዋል። ፍቅር ነው፣ ምን ትላቸዋለህ! አንዲት ሳንቲም አላየሁም።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከለገሃሬ)፦ ልጄ፣ ይህን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ድረገጽ ላይ የተለጠፈው የታወቀው የመጀመሪያ ባነር (የሥዕል ማስታወቂያ) ሆትዋየርድ በሚባል የአሜሪካ ድረገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1994 የወጣው የስልክ ድርጅቱ የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ነው። ያ እንኳ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሥዕል ነበር። ፊት ለፊትዎ ብቅ የሚለውን መስኮት ኮድ የጻፈው ኢታን ዙከርማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አስተዋዋቂው ስሙ ከማያምር ገጽ ጎን እንዳይታይ ማስታወቂያውን በራሱ መስኮት ለብቻው ማውጣት ነበር። ማገጃውም ብዙ አልዘገየም፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ሔንሪክ ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ተማሪ ፈተናውን ማጥናት ሲታክተው ጀመረው። ከጥናት ሽሽት የመጣ ፈጠራ ነው፤ ተማሪዎችዎን ካስተማሩበት ዘመን ጋር ያስተያዩት።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ እኔ ስለ ስለላው ግድ የለኝም፣ ማን ምን ያደርገኛል። የሚያንገበግበኝ ሜጋዬ ነው።

መልስ፦ አቦ፣ ዋናውን ነካኸው። የፈረንጆቹ ክርክር ይህን ነገር በጎን ነው የሚያልፈው፤ ቤታቸው ያልተገደበ ዋይፋይ አለ። እኛ የቀን ፓኬጅ ነው የምንገዛው። ማስታወቂያው ወደ ስልክህ ሲመጣ ትራንስፖርቱን የከፈልከው አንተ ነህ! እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ 50 የዜና ድረገጾችን በሞባይል ለክቶ ከሚወርደው ዳታ ከግማሽ በላይ የሆነው ማስታወቂያና ማገጃው የሚያስቀረው ሌላ ነገር መሆኑን አግኝቷል። ሳፋሪኮም በአገራችን የመጀመሪያውን ሙከራ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬ ሲጀምር ሲም ልንገዛ የተሰለፍነው ለዚህ አልነበረም።

አንድ ቀን ቆጣሪውን ከፍቼ አንድ የወሬ ገጽ ሁለት ጊዜ ጫንኩ፣ አንዴ ያለ ማገጃ፣ አንዴ በማገጃ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲሶ እንኳ አልበላም። ጽሑፉ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልጎደለም። አስተዋዋቂው ለጸሐፊው የሚከፍለው ሽርፍራፊ ሳንቲም፣ አንተ ያንን ሥዕል ለማውረድ ካወጣኸው ሊያንስ ይችላል። ያ ከሆነ በቀጥታ ለጸሐፊው ብትሰጠው ሁለታችሁም ታተርፉ ነበር።

ጥያቄ (ከነምበር ዋን)፦ እናቴ ስልክ ላይ «ቫይረስ አለብዎ» እያለ ይጮኻል። ይሄም ማስታወቂያ ነው?

መልስ፦ ማስታወቂያ ነው፣ የከፋው ዓይነት። ባለፈው ወር አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ እንዳይፈነዳ ፈርተው ነው። ከፈትኩት፤ ቀይ መስኮት፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከሥሩ «አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ቁልፍ። ነክተውታል። «አጽጂ» የተባለው መተግበሪያ ገብቶ ስልኩ በተከፈተ ቁጥር ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ያሳያል፤ የልጃቸውን ፎቶ ለማየት ሁለት ጊዜ መዝጋት አለባቸው። ካጠፋሁላቸው በኋላ «ታዲያ ቫይረሱስ?» አሉኝ። ቫይረሱ ያ ነበር፣ እማማ።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ በታኅሣሥ 2022 (በእነሱ አቆጣጠር) ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አጭበርባሪዎች የፍለጋ ማስታወቂያ እየገዙ የባንክ ድረገጽ መስለው ስለሚቀርቡ ሕዝቡ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። እናትህ ስልክ ላይ ጫንላት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸንኮር)፦ ማገጃዎቹ ራሳቸው ከትልልቅ ድርጅቶች ብር እየተቀበሉ ያሳልፋሉ ሲባል ሰማሁ። ዘበኛው ከሌባው ጋር ከተካፈለ ምኑን ዘበኛ ሆነ?

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው፣ ሁሉንም ግን አይመለከትም። አድብሎክ ፕላስ የተባለው ማገጃ ባለቤቱ ኮሎኝ ያለው ኢዮ የተባለ የጀርመን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች» የሚል መዝገብ አለው፤ የማይጮህ፣ የማይዘል ማስታወቂያ ያልፋል። ትንንሾቹ በነጻ ይገባሉ፣ ትልልቆቹ ይከፍላሉ። አክሰል ሽፕሪንገር የተባለው አሳታሚ ከስሶት እስከ ጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ማገጃው ሕገወጥ አይደለም ተብሎ ተፈረደ።

ያኔ ሕጋዊ ተብሏል፤ ያምራል ግን አልልም። በሩ ላይ ቆሞ ቀረጥ መሰብሰብ ነው። መስፈርቱን አልጠላውም፤ የሚያስቀይመኝ መስፈርቱን የሚያወጣውም የሚቀበለውም አንድ እጅ መሆኑ ነው። እኔ የምጭነው ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማገጃ ነው። የሠራው ሬይመንድ ሒል ልገሳ እንኳ አይቀበልም። ችግሩ ክሮም፣ የጉግል ብራውዘር፣ የማገጃዎችን አሠራር ስለቀየረ ሙሉው እዚያ አይሠራም፤ ፋየርፎክስ በተባለው ብራውዘር ላይ ግን አለ፣ በአንድሮይድ ስልክም ጭምር። ትልቁ የማስታወቂያ ነጋዴ የትልቁ ብራውዘር ባለቤት ሲሆን የሚመጣውን እናንተው ገምቱ።

ጥያቄ (ስም አልጻፈም)፦ አንተ ራስህ በማስታወቂያ ልትኖር ሞክረህ ሳይሆንልህ ስትቀር ማገጃ ጫኝ ሆንክ። ይሄ ምቀኝነት ነው።

መልስ፦ ትንሽ አለበት፣ አልዋሽህም። ማገጃ በጫንኩ ቁጥር ባቡር ሰዓት የሚጽፈው የቀድሞው እኔ ትዝ ይለኛል፤ ማገጃው ክፉውን ከደጉ አይለይም፣ ሁሉንም ያጭዳል። ማርኮ አርመንት የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ፒስ የሚል ማገጃ ለአይፎን አወጣ። ከሚሸጡት ሁሉ አንደኛ ሆኖ እያለ፣ ጉዳት የማይገባቸውንም ይጎዳል ብሎ በሁለት ቀኑ ከገበያ አነሳው። ያን ያህል ወኔ የለኝም። የማደርገው ይህን ነው፦ ስጭን ደንበኛውን «ዘወትር የምታነበው የማን ነው?» እላለሁ፤ ገጹ ጨዋ ከሆነ ለእሱ ብቻ ማገጃውን አጠፋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኛው ሰው ግን «ፌስቡክ» ነው የሚለኝ።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ ዩቲዩብ ላይ ብዘጋስ ዘፋኙን ነው የምጎዳው?

መልስ፦ በረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ አዎ፣ ይነካዋል። ባለቤቱ ዘፋኙ ይሁን የሰው ዘፈን የለጠፈ ጎረምሳ ግን መጀመሪያ እየው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ የቴሌግራም ቻናል አለኝ። ማገጃ አይነካኝም፤ ብር የሰጠኝን ዕቃ እንደ ራሴ ምክር አድርጌ እጽፋለሁ። ብልጠት ነው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ስለተናገርክ አከብርሃለሁ፤ ከዛሬው ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ያንተ ነው። ባነር ቢያንስ ባነር መሆኑ ይታወቃል። አንተ «እኔ ሞክሬው ነው» ስትል አንባቢው እንደ ወንድም ምክር ነው የሚሰማህ። የፊት ቅባት ከሆነ ደግሞ በሰው ቆዳ ላይ ነው የምትጫወተው። ማገጃ የሚጭን ሰው እየበዛ ሲሄድ ገንዘቡ ወደ እንዲህ ያለው ስውር መንገድ እንደሚፈስ አውቃለሁ፤ ከእኔ ወገን ላለ ሰው የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ጥሩ መልስም የለኝም። አንተ ግን መፍትሔህ ቀላል ነው፦ ከላይ «ማስታወቂያ» ብለህ ጻፍ። ሕጋዊውም መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ቴሌግራም ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላለው ሕዝባዊ ቻናል ከሚያሳየው ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ያካፍላል።

ጥያቄ (ከድሬው ታይዋን ገበያ፣ ባለሱቅ)፦ ሁሉንም ሰማሁ። እኔ ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው የምሸጠው። ማስታወቂያ የት ላሠራ ታዲያ?

መልስ፦ የድሬ ሰው የሚያነበውን አንድ ገጽ ምረጥ፣ ባለቤቱን ደውልለት፣ ቡና ጋብዘው፣ በወር ተዋዋሉ። ደላላ የለ፣ ጨረታ የለ፣ የአንባቢውን ኮቴ የሚከተል የለ። እኔ አካውንቴ ከተዘጋ በኋላ አንድ የባጃጅ ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ በወር 500 ብር ይከፍለኝ ነበር፤ ከቅድሙ ዶላር ሁሉ የተሻለ ገቢዬ እሱ ነበር። ሥዕሉ ቀላል ይሁን፣ አይንቀሳቀስ፣ ከራሱ ከገጹ ሰርቨር ይጫን። ማገጃ የሚያጠምደው ከውጭ ደላላ የሚመጣውንና በስሙ የሚጠረጥረውን ነው፤ የባጃጁን ሥዕል ለአንድ ሳምንት ማንም አላየውም ነበር፣ ለካ ፋይሉን «ባነር» ብዬ ሰይሜው ኖሮ የራሴው ማገጃ ውጦታል። ያንተን «መጋረጃ» በለው።