የእንጦጦዋን ኦርኪድ በበረኪና አጥቤ ተከልኳት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ኖት? ካዛንቺስ ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። መስከረም ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን ከዛፍ ስር አረንጓዴ ነጣ ያለ አበባ ያላት ትንሽዬ ነገር አየን፣ አንዷ ጓደኛችን በስልኳ አፕ ብታነሳት ኦርኪድ ናት አላት። ላሳጥረውና ነቅዬ በፌስታል ይዣት ወረድኩ። ቤት ስደርስ ሥሯ ላይ ነጫጭ ክር የመሰለ ሻጋታ አየሁ፣ በሽታ መስሎኝ በረኪና ጠብ ባደረግኩበት ውሃ አጥቤ አዲስ አፈር ገዝቼ ባልኮኒ ላይ ተከልኳት። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነና በቃ ጠፋች። ፍሬዋ ደርቆ ሲፈነዳ ግን ዱቄት የመሰለ ዘር ወጣው፣ ግማሹን በተቆረጠ ሃይላንድ ዘርቼ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ አጠጣሁ፣ ምንም የለም። ጓደኛዬ ከአበባ ቤት የገዛቻት ኦርኪድ ደሞ አፈር እንኳን ሳይኖራት በቅርፊት ብቻ ለወራት ታብባለች። እኔ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለ ባልኮኒዋ

መልስ፦ እህቴ፣ በረኪናው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔም በወጣትነቴ እንዳንቺው አንዷን ከጫካ አምጥቼ አራት ኪሎ እናቴ ግቢ ተክዬ ነበር፣ እናቴ አመድ ጨመረችባት፣ እኔ ፍግ ጨመርኩባት፣ በዓመቱ የለችም። ስለዚ ብቻሽን አይደለሽም።

ከዘሩ ልነሳ፣ ነገሩ ሁሉ እዛ ስለሆነ። አንድ ባቄላ ውሃ ውስጥ አሳድሪና ልጠሽ ለሁለት ክፈያት። ሁለቱ ክክ ምንድናቸው? ስንቅ ናቸው። ቡቃያዋ ቅጠል አውጥታ ከፀሐይ ራሷን እስክትችል የምትበላው እናቷ የቋጠረችላትን ነው። የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘር አለ፣ ከሚሊዮን የሚያልፍባቸው ዓይነቶችም አሉ፣ እያንዳንዱ ግን በርበሬ ሲወቀጥ አፍንጫ ውስጥ እንደሚገባው ብናኝ ነው (ቫኒላም እኮ ኦርኪድ ናት፣ የእውነተኛ ቫኒላ አይስክሬም ላይ የምታዪው ጥቁር ነጥብ ዘሯ ነው)። ንፋስ ይዞት የትም ይሄዳል፣ ግን ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ሳንቲም ሳይዝ ከገጠር አዲሳባ የገባ ልጅ በይው፣ ዘመድ ቤት ካላረፈ አለቀለት።

የዚህ ልጅ ዘመድ ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ክር ዘርግቶ የበሰበሰ ቅጠል ምናምን የሚበላ ፈንገስ ዘሩን ሲያገኘው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዘሩም ከሱ ስኳርና ማዕድን እየወሰደ አረንጓዴ ቅጠል ሳያወጣ መሬት ውስጥ እንደ ጥቃቅን እንቡጥ ያድጋል፣ አንዳንዱ ዓይነት እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። አስተማሪ ሳለሁ አንዴ የኦርኪድ ሥር በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፕ ስር አይቼዋለሁ፦ እያንዳንዷ ሴል ውስጥ ክሩ ተጠቅልሎ ልክ የእናቶቻችንን ልቃቂት መስሎ ተቀምጧል። አንዳንዱ ልቃቂት ሙሉ ነው፣ አንዳንዱ ተሟሽሾ ጉድፍ ሆኗል፣ የተሟሸሸው ኦርኪዷ የፈጨችው ነው። ትበላዋለች ማለት ነው! ስለዚ አንቺ ከላይ ያየሽው ነጭ ክር ሌላ ብስባሽ በል ፈንገስም ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ሥሩ ውስጥ ነው የሚኖረው። ያም ሆነ ይህ በረኪና ዘመድና ሌባ አይለይም፣ በዛ ላይ የተገዛው አፈር ውስጥ የሷ ፈንገስ ላይኖር ይችላል።

ይሄን ነገር ያወቀው ኖኤል በርናር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1899 እ.ኤ.አ.፣ ገና 25 ዓመቱ፣ ወታደር ቤት እያለ ፎንቴንብሎ ጫካ ሲዘዋወር የበቀሉ የኦርኪድ ዘሮች አግኝቶ ሁሉም ውስጥ ፈንገስ አየ። ያያት ኦርኪድ ኒኦቲያ ትባላለች፣ የአውሮፓ ጫካ ውስጥ የምትኖር ቡናማ ነገር ናት፣ አረንጓዴ ነገር የላትም ማለት ይቻላል፣ ዕድሜ ልኳን ከፈንገስ ነው የምትበላው፣ ፈንገሱ ደሞ ስኳሩን ከዛፍ ሥር ያመጣዋል። ያንቺዋ አረንጓዴ ስለሆነች እንደሷ አይደለችም፣ ካደገች በኋላ የራሷን ምግብ ትሰራለች። እንዲያውም አረንጓዴ ሆነው ለፈንገሱ ስኳር የሚመልሱ ኦርኪዶች እንዳሉ ታይቷል፣ ብድር ከፋይ ናቸው።

የጓደኛሽ ኦርኪድ ነገር ሌላ ነው። እነዛ የእስያ ሞቃት አገር ዘሮች ናቸው፣ ዱር እያሉም ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚኖሩት፣ ለዛ ነው ቅርፊት የሚበቃቸው። በ1922 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ ስኳር ባለው ጄሊ ላይ እንደሚበቅል አሳየ፣ በቃ ስንቁን በጠርሙስ ሰጠው። ከዛ ወዲህ የአበባ ቤት ኦርኪድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይባዛል። የሚገርመው እዛ ዘሩ መጀመሪያ በምን እንደሚታጠብ ታውቂያለሽ? በበረኪና! ጄሊው ላይ ስኳር ስላለ ሻጋታ ቀድሞ እንዳይበላው ነው። እኛ ቤት ግን ጄሊም ጠርሙስም የለም፣ ሃይላንድ ውስጥ የዘራሽው ዘመድ ሲጠብቅ ነው የቀረው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። አንደኛ፣ አፈሩን እንዳትደፊው። የደጋችን የመሬት ኦርኪዶች፣ እነ ሃቤናሪያ፣ እነ ሳቲሪየም፣ በጋ ሲገባ ቅጠላቸው ይደርቅና ከስር እንደ ትንሽ ድንች ያለ ነገር ሆነው ይተኛሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሳሉ። ያንቺዋም ሞታ ሳይሆን ተኝታ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ውሃ ማጠጣቱን ተይው፣ ተኝታ ውሃ ስታበዢባት ነው የምትበሰብሰው። አፈሩን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ገለጥ አድርጊው፣ ጠንካራ ነገር ካገኘሽ አለች፣ የሚላላ የሚሸት ከሆነ ግን አዝናለሁ።

ካለች ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ነቅለሽ ወዳመጣሽበት ቦታ መልሻት። እዛው ጉድጓዷ አጠገብ፣ እዛው ዛፍ ስር፣ ሌላ ቦታ አይሆንም። ድንቿ ውስጥ ፈንገሱ ብዙም አይኖርም፣ ክረምት ላይ አዲስ ሥር ስታወጣ ነው ከአፈሩ እንደገና የምትይዘው፣ ለዛ ነው ቦታው ዋናው። ፍግ የለ፣ አመድ የለ፣ ምንም እንዳትጨምሪ። የቀረውን ግማሽ ዘር ደሞ ደረቅ ወረቀት ውስጥ አስቀምጪውና ያን ቀን ይዘሽው ውጪ፣ ቅጠል የበሰበሰበት ጋ ጎንበስ ብለሽ በትኝው።

ቦታውን ግን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ጓደኛሽ በአፑ ስታነሳት ፎቶው ላይ ሎኬሽን ተይዞ ከሆነ ሳይጠፋ ጠይቂያት።