መልስ፦ ስብከቱን በስልክ እየሰማሁ ጉባኤ መሄዴ ለማን ይጠቅማል?

ሰላም ወንድሜ። ስብከቱን በስልኬ እሰማለሁ፣ መዘመርም ማስተማርም አልችልም፣ ታዲያ እሑድ እሑድ ብሄድ ለማን እጠቅማለሁ ብለህ ጠይቀሃል።

ስብከቱን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ስልክህ ይበቃሃል። ማስታወቂያው ሲረዝም እኔም ሰዓቴን አያለሁ። ግን ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰብን አትተዉ የሚለው እርስ በርስ ከመመካከር ጋር አያይዞ ነው፤ ይህን ደግሞ ስልክ አያደርግልህም።

እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ተመልከት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ለሥራ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። ጉባኤው ሲበተን ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ እነሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አቅፈው በበሩ ጥግ ሹልክ ይላሉ። አንዷን «ከየት ነሽ? የት ተከራየሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመድረክ አይወርድም።

ለቅሶም እንደዚሁ ነው። ቤቱ ጭር የሚለው ድንኳኑ ተነሥቶ የእድሩ ወንበር ከተመለሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሄዶ ቡናው እስኪፈላ መቀመጥ ሙያ አይጠይቅም። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ደህና ነበሩ፤ ነገሩ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። (እኛም «እግዚአብሔር ስለወደደው ነው የወሰደው» እያልን ስንቱን እናቆስላለን!)

ስለዚህ በዚህ እሑድ ትንሽ ቀደም ብለህ ሂድና ከኋላ ተቀመጥ፤ አዲስ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስሙን ጠይቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከቀረ ደውልለት።