የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው ምን ይናገር? ምን ያሰማ?

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በግቢ ሚኒ ሚዲያ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ተማሪዎች ሲሆኑ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ዜናና ያለ አሳታሚ ስለሚሠራ ሙዚቃ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ስለሚያያዙ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

«ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በሚኒ ሚዲያችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 6፡00 እስከ 7፡30 ሙዚቃ አጫውታለሁ። በዘፈን መሐል ስለ አገር ጉዳይ የመሰለኝን ስናገር "ዲጄ፣ ፖለቲካ ምን አገባህ?" የሚሉኝ አሉ። ዝም ስል ደግሞ ፈሪ እባላለሁ። የቱን ልስማ?»

ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ለማንም ሰው የተሰጠ ነው፤ ዲጄ ስለሆኑ አይቀርብዎትም። ስለዚህ «አያገባህም» የሚሉዎት ተሳስተዋል። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ልብ ይበሉ፦ ሬዲዮ ያልጣመው ሰው ጣቢያ ይቀይራል ወይም ያጠፋዋል። የእርስዎ ሞንታርቦ የተሰቀለው ካፌው በር ላይ ነው። ምሳውን የሚበላ ተማሪ ሊያጠፋዎት አይችልም፣ ሊመልስልዎትም አይችልም። ከሬዲዮ ጋዜጠኛ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠበቅብዎ በዚህ ምክንያት ነው።

አስተያየትዎን ከዘፈኑም ከዜናውም ይለዩት። ከመጀመርዎ በፊት «ቀጥሎ የምትሰሙት የአዘጋጁ የግል አስተያየት ነው» ይበሉ፣ ሲጨርሱም ይድገሙት። በወረቀት ጽፈው ያንብቡ እንጂ እንደመጣልዎ አይናገሩ። 2 ደቂቃ ይበቃል፤ በተረጋጋ ንባብ ወደ 200 ቃላት ገደማ ነው። በንግግርዎ ሥር ሙዚቃ አይልቀቁ፤ ዜማው ስሜትን ስለሚያሞቅ ያልተረጋገጠ ነገር የተረጋገጠ ያስመስላል። ደፍረው ያልተናገሩትንም በዘፈን አይናገሩ። የአንድን ወገን ስም ጠርተው ወዲያው ስድብ ያለበት ግጥም ካስከተሉ፣ ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ አድማጭ ወርቁን ለማውጣት አይቸገርም፤ ተጠያቂው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ጦርነት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደጃቸው ድረስ በመጣባቸው በደሴና በኮምቦልቻ አድማጮችዎ መካከል ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት አለ። ቀረርቶና ሽለላ እንደ ሌላ ዘፈን በምሳ ሰዓት የሚለቀቅ አይደለም።

ዜና ካነበቡ ምንጩን በስሙ ይጥሩ። ከቴሌግራም ያገኙትን ቢያንስ ሁለት ምንጭ ይዘው ያረጋግጡ፣ ሁለቱም አንዱ ከአንዱ ያልቀዱ ይሁኑ። አንድን ጽሑፍ ቃል በቃል የለጠፉ ሦስት ገጾች አንድ ምንጭ ናቸው። ከተሳሳቱ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ያርሙ፤ ማረሚያውን የተሳሳተውን የሰማ ሰው ሊሰማው ይገባል።

ስለ ሕጉም እንግለጽ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የብሮድካስት አገልግሎትን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ በአየር ሞገድ ለማስተላለፍ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በሽቦ ወደ ሞንታርቦ የሚሄድ የግቢ ሚኒ ሚዲያ የሚመራው በግቢው ደንብ ስለሆነ፣ የተፈቀደውንና የተከለከለውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ትንሽ ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ገዝቶ «ለዶርም ብቻ» ማለት ግን ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ነው። ፕሮግራሙን ቀድተው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉ ደግሞ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይመለከትዎታል። ሰውን ወይም ቡድንን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ለይቶ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት የሚያነሳሳ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ እንድረስ። የእርስዎ ፖለቲካ ከ2 ደቂቃው ንግግር ይልቅ በዘፈን ምርጫዎ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። በሳምንት 450 ደቂቃ አለዎት። 50ውን ለንግግር ብንተው 400 ይቀራል፤ ዘፈኑ በአማካይ 5 ደቂቃ ቢሆን 80 ዘፈን ነው። አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለአንድ ሳምንት ያጫወቱትን ሁሉ ይመዝግቡ፦ የዘፋኙ ስም፣ ሴት ወይም ወንድ፣ ቋንቋ፣ የወጣበት ዓመት፣ አሳታሚ ያለው ወይም የሌለው፣ የመረጠው አድማጭ ወይም እርስዎ። ዓርብ ማታ ዓምዶቹን ይቁጠሩ። ወሎ ውስጥ ተቀምጠው አንድም ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ዘፈን ካላሰሙ፣ ከ80ው 70ው የዘንድሮ ክሊፕ ከሆነ፣ ሴት ዘፋኝ 8 ብቻ ከሆነች፣ ማን ይሰማ ማን አይሰማ የሚለውን ሳይናገሩ ወስነዋል ማለት ነው። ከ80ው 20ውን ሌላ ማንም ለማያሰማቸው ይስጡ። በአንድ ሰዓት አጉረው ሳይሆን በታወቁት መካከል አስገብተው ያሰሟቸው፤ ተለይተው ከታጎሩ አድማጭ ያን ሰዓት እየጠበቀ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ በኋላ የዘፋኙንና የአጃቢውን ስም ይናገሩ። ስሙ ያልተጠራ ዘፋኝ ነገ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ደሴ ከተማ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ አለ፤ «አይጠየፍ» የተባለው ሁሉን ሳይንቅ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። ለእነዚያ 20 ዘፈኖች ስም ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

«"ገለልተኛ ሙዚቃ" የሚባለው አሳታሚ ያጣ ዘፋኝ ማለት አይደለም እንዴ? የአሜሪካ ኮሌጆች ሬዲዮስ ለምን በእሱ ይታወቃሉ?» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

አሳታሚ ያጣም አለበት፣ ሆን ብሎ አሳታሚ ያልፈለገም አለበት። ዋናው መለያው ምን እንደሚቀረጽ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ የራሳችን ታሪክ ይበቃል። ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ጥሶ በራሱ ገንዘብ አለማየሁ እሸቴን አሳተመ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን ውጭ አገር እያሳተመ ከ100 በላይ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ብዙው በዚህ መንገድ የተረፈ ነው። ቀጥሎ የደርግ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ ዘጋው፣ ካሴትም የሸክላውን ቦታ ወሰደ።

በአሜሪካ የኮሌጅ ሬዲዮ ጉልበት ያገኘው ማስታወቂያ ስለማይሸጥ ነው፤ አድማጭ ቢቀንስ ደመወዝ የሚያጣ የለም። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ ኬ ሲ ኤም ዩ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀምር ኃይሉ 10 ዋት ነበር፣ ከአንድ የድሮ አምፖል ያነሰ። የከተማው ባንዶች በንግድ ጣቢያዎች ሳይሰሙ በዚያ ተሰሙ፤ ኒርቫና የተባለው የሮክ ባንድ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። ትልልቆቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን ገዙ፣ አንድ የዘፈን ዝርዝር በብዙ ከተማ ይሰማ ጀመር። ከዝርዝሩ ውጭ ላለው ሙዚቃ በብዙ ቦታ በሬዲዮ የቀረው በር የተማሪዎቹ ጣቢያ ነበር። የሞንታርቦ ኃይል ማነስ ሰበብ እንደማይሆን ከዚህ ይረዳሉ።

«አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና የሰፈራችንን የመንዙማ ቡድን በስልክ ቀድቼ ሳሰማ ማሲንቆው ይፋጫል፣ ድቤው ይሰነጠቃል፣ ክፍሉም እንደ ዋሻ ያስተጋባል። መቅረጫ መግዣ የለኝም።»

ስልኩ ይበቃል። ችግሩ ያለው በርቀቱ፣ በክፍሉና በራስ-ሰር መጠን ማስተካከያው ነው።

ከክፍሉ ይጀምሩ። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፁን ስለሚመልሱ ያስተጋባል። ከተጫዋቹ ጀርባ ሁለት ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት፤ የተጣበቀ ጨርቅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ዝናብ በማይጠበቅበት ሰዓት ይቅረጹ።

ማሲንቆው የሚፋጨው ስልኩ ደጋኑ ጭራውን ወደሚነካበት ቦታ ስለቀረበ ነው። እዚያ የሚሰማው የሙጫውና የጭራው ፍትጊያ ነው፤ ዜማው ያለው በቆዳው ገጽ ላይ ነው። ስልኩን ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ በተጫዋቹ ደረት ከፍታ፣ በአፉና በማሲንቆው ሳጥን መካከል ያድርጉት፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው። ድምፁ ማሲንቆውን ከዋጠው ስልኩን አንድ ስንዝር ዝቅ ያድርጉ። የደሴ ጠዋት ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ቆዳው ይላላል፤ ተጫዋቹ ፀሐይ ላይ አሙቆ እስኪቃኝ ይጠብቁት፣ አያጣድፉት። ቅኝቱን ጠይቀው ይመዝግቡ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ? ባቲና አምባሰል የዚሁ የወሎ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሲያስተዋውቁ ይህን ቢናገሩ ደስ ይላል።

ለመንዙማው አስቀድመው መሪውን ያስፈቅዱ፣ የት እንደሚሰማም ይንገሩ። ድቤው የተሰነጠቀው መጠኑ ከጣራው ስላለፈ ነው፤ ይህ በኋላ አይታረምም። የድቤ መቺውን ከስልኩ 1.5 ሜትር ገደማ አርቀው ወደ ጎን ያስቀምጡት፣ መሪውን ወደ ስልኩ ያቅርቡ፣ ተቀባዮቹ ከኋላው በግማሽ ክብ ይቁሙ። ጭብጨባው በጣም በሚደምቅበት ቦታ ለ1 ደቂቃ ይሞክሩና መለኪያው ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መካከል እንዲቆም ያድርጉ። መተግበሪያው በራሱ መጠን የሚያስተካክል ከሆነ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ዝም ሲባል ጫጫታውን ያጎላል፣ ሲደምቅ ድምፁን ያንቃል። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ይቅረጹ፤ ወደ ኤምፒ3 የሚቀየረው መጨረሻ ላይ ነው። ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ያድርጉ።

በኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ሲያስተካክሉ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡና ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ወደሆነ ድምፅ) ይለውጡት። ሁለት ሞንታርቦ አንዱ ሽቦ ተገልብጦ ከተያያዘ ግን የመሐሉ ድምፅ ይሳሳል፤ ዘፋኙ የሚጠፋው በዚህ ነው፤ ሞኖም አያድነውም፣ ሽቦውን ያስተካክሉ። የጡሩምባ ቅርጽ ያለው ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ስለማያወጣ ድቤው ቢሳሳ ቅጂው ተበላሽቷል አይበሉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ያረጋግጡ። መንዙማ ላይ ጂንግል (የፕሮግራም መለያ ድምፅ) አይጫኑበት፣ ዱዓው ላይ አይቁረጡት።

«የአካባቢ ዘፋኞች "አጫውተው" ካሉኝ በቃል ይበቃል?»

አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996ና ባሻሻለው በ872/2007 መሠረት በአንድ ዘፈን ውስጥ የግጥም፣ የዜማ፣ የአቀናባሪ፣ የዘፋኝና የድምፅ ቅጂው ባለቤት መብት አለ፤ ዘፋኙ የራሱን ብቻ ነው የሚሰጥዎት። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ የእያንዳንዱ ባለ መብት ስምና ፊርማ፣ ቀን፣ በሞንታርቦ ብቻ ወይስ ቴሌግራም ላይም ጭምር፣ እስከ መቼ። «በነፃ» ከሆነ ቃሉ ይጻፍ። በብዛት ጠብ የሚነሳው አቀናባሪው ሳይፈርም ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ነው።

«ከደሴ የሚተላለፍ ኤፍ ኤም ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ ይንሾካሾካል። ሬዲዮዬ ነው የተበላሸው?»

ላይሆን ይችላል። ኤፍ ኤም የሚሄደው በቀጥታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከል ያለው የሐረጎ ተራራማ መንገድ ሞገዱንም ይጋርዳል። ከገደል ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር ሲጋጭ መንሾካሾኩ ይመጣል። መጀመሪያ ሬዲዮውን ወደ ደሴ በሚያይ መስኮት ያድርጉት፣ ሞኖ ማብሪያ ካለው ያብሩት፤ ብዙው ጫጫታ በዚህ ይቀንሳል። ካልሆነ አንቴና ይሥሩ፦ 142.5ን ለጣቢያው ሜጋ ኸርዝ ያካፍሉ። ለ95 ሜጋ ኸርዝ 1.5 ሜትር ይመጣል፤ 75 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ጫፍ ለጫፍ፣ ሳይነካኩ እንጨት ላይ አስረው ያጽኑ። የቲቪ ኬብሉን መሐለኛ ሽቦ ከአንዱ፣ ጥልፉን ከሌላው ጋር ያያይዙ። መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ ቀጥ አድርገው ይሞክሩት፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከቆርቆሮ ጣሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ።