በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤታችን ሦስት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን አለው። ሁለቱን መኝታ ቤት ፋብሪካ ለሚሠሩ ወጣቶች አከራይቻለሁ። እኔና 12ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በአንዱ እናድራለን። ልጆቹ ጨዋ ናቸው። ግን ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ሳሎን ስለሆነ ሲገቡ ሲወጡ ነው የሚያመሹት። በዚህ ሙቀት በድሪያ፣ በስሷ የቤት ቀሚሴ፣ መቀመጥ አልቻልኩም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ነጠላ ፍለጋ ነው። ምሳዬን አልጋ ጫፍ ላይ እበላለሁ። ኪራዩ ደግሞ የግድ ያስፈልገኛል። ሳሎኑን በግንብ ለሁለት ላስከፍለው?

መልስ፦ እህቴ፣ የድሬ ልጅ ነሽና «አንቺ» ብልሽ አይከፋሽም። አልጋ ጫፍ ላይ የሚበላው ምሳ ልቤን ነካው።

ግንቡን ተይው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እኛን የምታድነን ከመስኮት ወደ መስኮት የምታልፈው ነፋስ ናት። ሳሎኑን በግንብ ብትከፍይው አንዱ ወገን መስኮት አልባ ይቀራል፤ ቬንቲሌተሩም የሞቀ አየር ብቻ ያዞራል።

እናቴ ከዚራ ሰፈር ለሁለት አስተማሪዎች ክፍል ታከራይ ነበር። መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ምንም አልለወጠም። የውኃው በርሜልና የልብስ ማስጫው ገመድ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እሷ የምትቀመጥበት ጓሮ ነበሩ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? ውኃ መቅዳት አለባቸው። አንድ ቅዳሜ በርሜሉን ወደ ፊት ለፊቱ በረንዳ አስወሰደችው፤ ገመዱንም በአጥሩ በኩል ዘረጋችው። ከዚያ ወዲህ ኒሙ ዛፍ ሥር ያለው ጓሮ የእሷ ሆነ። ከሰዓት በኋላ በድሪያዋ ምንጣፍ ላይ ጋደም ስትል አሁንም ይታየኛል። ማንንም አልተቆጣችም።

አንቺም ልጆቹን ወደ ሳሎን የሚያመጣቸውን ዕቃ ቁጠሪ። ፍሪጁን ወደ ወጥ ቤት ውሰጂው። ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት ሳሎን ከሆነ ክፍላቸው ውስጥ ሶኬት አስገቢላቸው። በረንዳ ካለሽ ሁለት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ አውጪላቸው፤ የድሬ ምሽት እንደሆነ ውጭ ነው የሚያምረው።

መተላለፊያቸው የግድ በሳሎን ነው? እንግዲያው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቀሽ ጀርባውን ወደ እነሱ አዙሪው። ጀርባው ካስጠላሽ አቡጀዲ ልበሺለት። ከወዲህ በኩል ለልጅሽ የጥናት ጠረጴዛ፣ ለአንቺ ፍራሽ ይበቃል። ቁም ሳጥን ጣሪያ ስለማይደርስ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። ድምፅ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ልጅሽ በምታጠናበት ሰዓት ቴሌቪዥን አይከፈት።

ፍራሹ ሥር ምንጣፍ አንጥፊ፤ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ይሁን። ይህን ያስተማረኝ ሐረር ያየሁት የሐረሪዎች ቤት ነው። ነደባ የሚባሉት መደቦች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ግድግዳ የለም፣ ከፍታቸው ግን ይለያያል። ማን የት እንደሚቀመጥ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዱ «ሱትሪ ነደባ» ይባላል፤ የተሰወረው መደብ እንደ ማለት ነው። ምንጣፍም ለለመደ ሰው እንደዚያው ነው።

አሁን ወደሚከብደው። ሳሎኑን የጋራ ብለሽ አከራይተሽ ከሆነ በድንገት መንጠቅ አይገባም። እሑድ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። «ልጆቼ፣ ከምንጣፉ ወዲህ የእኔና የእህታችሁ ነው። ስትፈልጉኝ ከበሩ ሆናችሁ ጥሩኝ» በያቸው። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። ልጅሽን ምክንያት አድርገሽ ብቻም አትናገሪ፤ አንቺም ማረፍ አለብሽ። ከተስማማችሁ ውሉ ላይ አስገቡት፦ የትኛው ክፍል የማን፣ የትኛው የጋራ እንደሆነ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉት።

ቁም ሳጥኑን ለብቻሽ አትግፊ፤ እነዚያው ልጆች ያግዙሽ። ነገ ግን ምሳሽን ሳሎን ብዪ።